ስለ ራጅ ጨረር እውነቱን በልኩ የተናገሩት ዶክቶር አሊስ ስቲዋርት

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ይህ የአባቶች ቃል ለታመመው ሰው ብቻ የተነገረ ይመስላል፤ ስንመረምረው ግን ለሐኪሙም፥ ለመሣሪያ ሠሪውም፥ ለሹሙም የተነገረ ሆኖ እናገኘዋለን። መድኃኒቱ ራሱ የሚያመጣው ጉዳት ሲኖር፥ ያንንም የደበቀ መድኃኒት የለውምና። ዛሬ በቤተሰብ ገጻችን ልንገልጸው ያሰብነው ነገር ይህንኑ የሚመለከት ነው። ይኸውም የሰውን አጥንት በሥጋው ውስጥ ሳለ ስለሚያሳየው ስለ ራጅ፥ ጥቅሙንም ጉዳቱንም ለእናቶች፥ ለሐኪሞችና ለሕግ አውጪዎች ሲያስረዱ ዕድሜያቸውን ስለ ፈጸሙት ስለ እንግሊዛዊቱ ሐኪም ስለ ዶክቶር አሊስ ስቲዋርት ነው።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ይህን የሩቅ አገር ወሬ ነው ብለው እንዳያልፉት እንለምናለን። ነገሩ በሐረር ከተማም በየቀኑ የሚያጋጥም ነውና። በጁገል ሆስፒታልም ሆነ በሕይወት ፋና ሆስፒታል፥ ራጅ ለመነሣት ተራውን የሚጠብቅ ሰው አይታጣም። ራጅ በሚነሣበት ደጅ ሁሉ ደግሞ በሁለት ወገን የሚሳሳት ሰው ሊገኝ ይችላል። አንዱ፥ ራጅ ፎቶግራፍ ነው፥ ፎቶግራፍም ሰውን አይጎዳም ብሎ፥ ሐኪሙ ሳያዝዝለት ደጋግሞ መነሣት የሚሻ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ ራጅ ፅንስ ያበላሻል የሚል ወሬ ስለ ሰማ፥ ደም የቀላቀለ አክታ የምትተፋ ነፍሰ ጡር ሚስቱን ሳያስመረምር ወደ ቤት የሚመልስ ነው። የፊተኛው ስሕተት ጉዳቱ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ የኋለኛው ስሕተት ግን የሁለት ነፍስ ዕዳ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ሳይታወቅ የቆየባት እናት ራሷም ትጎዳለች፥ ፅንሷም ይጎዳል፥ በቤት ውስጥ ላሉት ልጆችም በሽታው ይተላለፋል። እንግዲህ ጉዳትን መደበቅ ክፉ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ጉዳትን ከልኩ አስበልጦ ማውራትም ክፉ ነው።

ራጅ የሚለው ስም ራሱ ከኢጣልያ ቋንቋ ወደ እኛ የገባ ነው፤ ትርጓሜውም ጨረር ማለት ነው። ጨረሩን ያገኙት የጀርመን አገር ሊቅ ዊልሄልም ሬንትገን ሲሆኑ፥ ያገኙበትም ቀን በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 29 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ወር ሳይሞላ፥ ኅዳር 28 ቀን፥ የሐረር ገዥ የነበሩት ልዑል ራስ መኰንን ሠራዊታቸውን ይዘው በአምባላጌ ከኢጣልያ ጦር ጋር ተዋጉ፤ በየካቲት 23 ቀንም የዐድዋ ድል ሆነ። በዚያው ዓመት ከኢትዮጵያ ቆስለው ወደ አገራቸው ከተመለሱት የኢጣልያ ወታደሮች መካከል ክንዳቸውን የተመቱ ሁለት ሰዎች በኔፕልስ ከተማ የጦር ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፥ ጁዜፔ አልቫሮ የተባሉ የጦር ሐኪም ጥይቱ ያለበትን ስፍራ በራጅ አይተው አገኙ። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲያገለግል ይህ የመጀመሪያው እንደ ሆነ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ስለዚህ ጨረሩ በተገኘ በመንፈቁ ከአገራችን ታሪክ ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጨረሩ ደስታን እንጂ ፍርሃትን አላመጣም። አይታይም፥ አይሸትም፥ ሲነካም አይሰማም። ስለዚህ የሚጎዳ መሆኑ የታወቀው በሠራተኞቹ አካል ላይ ነው። በአሜሪካ የታዋቂው የኤዲሰን ረዳት የነበረው ክላረንስ ዳሊ፥ መሣሪያውን ለመፈተን የገዛ እጁን በየጊዜው በጨረሩ ፊት ሲያደርግ ከቆየ በኋላ፥ እጆቹ በቁስል ተበልተው ተቆረጡ፤ በፈረንጅ ቁጥር በ1904 ሞተ። ራዲዩምን ያገኙት ማዳም ማሪ ኪዩሪም በ1934 ያረፉት የደም መሥሪያ መቅናቸው ደርቆ ነው። በጀርመን አገር በሐምቡርግ ከተማ በ1936 በጨረር ሥራ ምክንያት ለሞቱ ሐኪሞችና ሠራተኞች መታሰቢያ ሲቆም፥ በድንጋዩ ላይ የ169 ሰዎች ስም ተቀርጾበት ነበር። ከእነዚህ ሰዎች ሞት የተማሩት ሐኪሞች የእርሳስ ሽርጥና ጓንት መልበስ ጀመሩ፤ በ1928ም በስቶክሆልም ተሰብስበው ስለ ጨረር መጠበቂያ ደንብ የሚመክር ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አቆሙ። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ይበልጥ የታሰበው ጨረሩን ለሚያነሣው ሐኪም ነበር። በእናቱ ማኅፀን ሆኖ ጨረር ለሚያገኘው ፅንስ አጥብቆ የሚከራከርለት ሰው ገና አልተነሣም ነበር።

ዶክቶር አሊስ ስቲዋርት በ1906 በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ ተወለዱ። አባታቸውም እናታቸውም ሐኪሞች ነበሩ፤ ሁለቱም የሕፃናትን በሽታ በማከም የታወቁ ናቸው። አሊስ በኬምብሪጅ ተምረው ሐኪም ሆኑ፤ በእውቀታቸውም ብልጫ ገና በወጣትነታቸው በንጉሣዊው የሐኪሞች ኮሌጅ አባልነት የክብር ማዕርግ አገኙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጥይትና ፈንጂ በሚሠራበት ፋብሪካ የሚውሉ ሠራተኞች ከባሩዱ የሚያገኛቸውን በሽታ መረመሩ። ከዚህም ሥራ አንድ ነገር ተማሩ፤ ሰው የታመመበትን ምክንያት ለማወቅ የሚሻ ሐኪም፥ አካሉን ከመመርመር ጋር ስለ አኗኗሩና ስለ ሥራው ራሱን መጠየቅ አለበት የሚል ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲሠሩ፥ በእንግሊዝ አገር በደም ካንሰር የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር እየጨመረ ሄደ። ምክንያቱን ግን የሚያውቅ አልነበረም። ዶክቶር አሊስ ያሰቡት ነገር እጅግ ቀላል ነው፤ ሐኪሞቹ የረሱትን እናቶች ያስታውሱ ይሆናልና እናቶችን እንጠይቅ አሉ። ለዚህ ሥራ ያገኙት ገንዘብ 1,000 ፓውንድ ብቻ ነበር። በዚህ ጥቂት ገንዘብ የጥያቄ ወረቀት አሳትመው፥ በየአውራጃው ላሉ የጤና ሹማምት ደብዳቤ እየጻፉ፥ በካንሰር የሞቱባቸውን ሕፃናት እናቶች እንዲጠይቁላቸው አደረጉ። ለእያንዳንዱም ለሞተው ሕፃን፥ በዕድሜና በጾታ የሚመስለውን በዚያው አገር የሚኖር ጤነኛ ሕፃን አስመርጠው፥ እናቱ ያንኑ ጥያቄ እንድትመልስ አደረጉ። ጥያቄውም ብዙ ነበር፤ ስለ ተስቦና ስለ ክትባት፥ ስለ ምግብና ስለ ጣፋጭ፥ ስለ ውሻና ስለ ዶሮ ሳይቀር ተጠየቀ። በመካከሉም ነፍሰ ጡር ሳሉ ራጅ ተነሥተው ነበርን? የሚል አንድ መስመር ነበረበት።

መልሱ ሲሰበሰብ በሌላው ጥያቄ ሁሉ የሁለቱ ወገን እናቶች ይህን ያህል አልተለያዩም። በዚህ በአንዱ መስመር ግን ልዩነቱ ጎልቶ ታየ። ልጆቻቸው በካንሰር የሞቱባቸው እናቶች፥ በእርግዝናቸው ጊዜ ሆዳቸውን ራጅ የተነሡት ቁጥር ከሌሎቹ እጥፍ ያህል ሆነ። በዚያን ዘመን ፅንሱ እንዴት እንደ ተቀመጠ፥ መንታ መሆን አለመሆኑን፥ የእናቲቱም የዳሌ አጥንት ለመውለድ የሚበቃ መሆኑን ለማየት ብዙ ሐኪሞች ራጅ ያዝዙ ነበር። ዶክቶር አሊስ የመጀመሪያውን ቃል በ1956፥ ሙሉውን ምርመራ በሰኔ 1958 አሳትመው አወጡ።

ምስጋና ይቀበላሉ ተብሎ ሲጠበቅ የተቀበሉት ክርክር ነው። አንዳንዱ፥ ልጇ የሞተባት እናት ከሌላው ይልቅ ያለፈውን አጥብቃ ታስታውሳለችና ምስክርነቷ የታመነ አይደለም አለ። ሌላው፥ ይህን ያህል ትንሽ ጨረር ይጎዳል ማለት የማይቻል ነው አለ። ትምባሆ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ በማስረዳታቸው ስማቸው የገነነው ዶክቶር ሪቻርድ ዶል እንኳ በ1960 ባሳተሙት ምርመራ ነገሩን አላገኘነውም አሉ። ዶክቶር አሊስ ግን ከመጠየቅም ከመቍጠርም አላረፉም። በ1962 በአሜሪካ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ዶክቶር ብራያን ማክማሆን፥ የእናቶችን ትዝታ ሳይጠይቁ በወሊድ ሆስፒታሎች መዝገብ ብቻ መርምረው፥ በማኅፀን ሳሉ ጨረር ያገኙት ሕፃናት በካንሰር የሞቱት ከሌሎቹ በመቶ 40 ያህል በልጦ እንዳገኙት ገለጹ። እንግዲህ የእናቶቹ ምስክርነት እውነት እንደ ነበረ መዝገቡ መሰከረላቸው። ዶክቶር ዶልም ራሳቸው በ1997 ከሌላ ሊቅ ጋር ሆነው፥ የተሰበሰበውን ማስረጃ ሁሉ መርምረው፥ ለፅንስ የደረሰው ጨረር የካንሰር ምክንያት መሆኑን ተቀበሉ። በመካከሉ ግን 40 ዓመት አለፈ።

ጸጋው ግን በሌላ ደጅ መጣ። የዶክቶር አሊስ ሙሉ ጽሑፍ በወጣበት በዚያው በሰኔ 1958፥ በስኮትላንድ በግላስጎው ከተማ የነበሩት ዶክቶር ኢያን ዶናልድ በድምፅ ሞገድ የሆድን ውስጥ ለማየት የሚያስችለውን መሣሪያ ሥራ ለዓለም ገለጹ። ይህም ዛሬ አልትራሳውንድ የምንለው ነው። ጨረር ስለሌለው፥ ፅንስን ለማየት በራጅ ፈንታ ገባ። ዛሬ በሐረር አንዲት ነፍሰ ጡር ፅንሷ በአልትራሳውንድ ሲታይላት፥ ይህ ልማድ ስለምን ራጅን እንደ ተካ ብትጠይቅ፥ ከምክንያቱ አንዱ የእነዚያ የእንግሊዝ እናቶች መልስ ነው።

ዶክቶር አሊስ በ1974 ከኦክስፎርድ ጡረታ ከወጡ በኋላም አላረፉም፤ ወደ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ሄደው ምርመራቸውን ቀጠሉ። በዚህም ጊዜ ሥራቸው ከሕክምና አልፎ ከሕግ ጋር ተገናኘ። በአሜሪካ በሐንፎርድ፥ ለአቶሚክ ቦምብ የሚሆን ፕሉቶኒየም በሚሠራበት ስፍራ ያሉትን ሠራተኞች ጤና በመንግሥት ታዝዘው ይመረምሩ የነበሩት ዶክቶር ቶማስ ማንኩሶ፥ መዝገቡን እንዲያዩላቸው ዶክቶር አሊስንና ጓደኛቸውን ጆርጅ ኒልን ጠሩ። ሦስቱም በ1977 ባወጡት ጽሑፍ፥ ሕጉ ከፈቀደው ልክ በታች ጨረር የተቀበሉት ሠራተኞች ሳይቀሩ በካንሰር ይጎዳሉ አሉ። መንግሥቱ ለዶክቶር ማንኩሶ ይሰጥ የነበረውን የምርመራ ሥራ ወሰደባቸው፤ መዝገቡም ተዘጋ። ዶክቶር አሊስ ግን በምክር ቤትና በዳኞች ፊት እየቀረቡ፥ በጨረር ታመምን ለሚሉ ሠራተኞች የዐዋቂ ምስክር ሆኑ።

የጉዳቱ መጠን እርሳቸው እንዳሉት ነው ወይስ ከዚያ ያንሳል በሚለው ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል። በ2015 ግን በፈረንሳይ፥ በእንግሊዝና በአሜሪካ የሚገኙ 308,297 የአቶሚክ ሠራተኞች የተመረመሩበት ታላቅ ጽሑፍ፥ ትንሽ በትንሽ የሚጠራቀም ጨረርም የካንሰርን አደጋ በመጠኑ እንደሚጨምር ገልጿል። በሕግም በኩል የአሜሪካ መንግሥት በ2000 ባወጣው ሕግ፥ በአቶሚክ መሣሪያ ሥራ ለታመሙ ሠራተኞች ካሣ እንዲከፈል ፈቀደ። ዶክቶር አሊስም ይህን አይተው በ2002 በ95 ዓመታቸው ዐረፉ። በ1986 በስቶክሆልም የሚሰጠውን፥ ብዙዎች የኖቤል አማራጭ የሚሉትን ሽልማት ተቀብለው ነበር። ይህንኑ ሽልማት በ1989 የእኛ አገር ሊቃውንት ዶክቶር አክሊሉ ለማና ዶክቶር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ስለ እንዶድ ምርመራቸው መቀበላቸውን ማስታወስ ለአንባቢዎቻችን ደስ የሚያሰኝ ይመስለናል። የዶክቶር አክሊሉም ምርመራ የተጀመረው፥ በወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ በነበሩ ሴቶች አጠገብ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ከማየት ነው። ሁለቱም ተራ ሰው የሚያደርገውንና የሚናገረውን ሳይንቁ በማስተዋላቸው ታላቅ ነገር አገኙ።

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስና፥ አንዲት የሐረር እናት ይህን ሁሉ ሰምታ ምን ትያዝ? እንበል። እጥፍ የሚለው ቃል ያስደነግጣል። ነገር ግን እጥፍ ሲባል የምን እጥፍ? ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከ1,000 ሕፃናት ጨረር ሳያገኛቸው በሕፃንነታቸው በካንሰር የሚያዙት 2 ያህል ናቸው። በቀድሞው ዘመን እንደ ነበረው ያለ የሆድ ራጅ ፅንሱን ቢያገኘው፥ ይህ ቁጥር ወደ 3 ይጠጋል። እንግዲህ ራጅ ለተነሣች ለአንዲት እናት ተስፋው እጅግ የሚበልጥ ነው፤ ከ1,000ው 997ቱ በዚህ በሽታ አይያዙምና። ሳታውቅ ተነሥታ እንደ ሆነም ልትሸበር፥ ይልቁንም ስለዚሁ ፅንሷን ላስወርድ ልትል አይገባትም። ለአገር አስተዳዳሪ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በየዓመቱ መቶ ሺህ እናቶች ያለ ምክንያት ራጅ ቢነሡ፥ ሊድኑ የሚችሉ መቶ ያህል ሕፃናት ይታመማሉ ማለት ነው። ለእናቲቱ ማጽናናት፥ ለሹሙ ማስጠንቀቂያ፥ ቁጥሩ ግን ያው አንዱ ነው። ስለ አደጋ እውነትን በልኩ መናገር ማለት ይህ ነው።

እህል በቁና፥ ቡናም በፈረሱላ እንደሚለካ፥ ጨረርም በሲዊድናዊው ሊቅ በሲቨርት ስም የተጠራ መስፈሪያ አለው፤ ሺህኛ ክፋዩ ሚሊሲቨርት ይባላል። ማንም ሰው ራጅ ሳይነሣ ከምድር፥ ከአየርና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል ይቀበላል። የደረት ራጅ ግን አንድ ዐሥረኛ ሚሊሲቨርት ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ይኸውም በሁለት ሳምንት ያህል ከተፈጥሮ ከምናገኘው አይበልጥም። ከዚህም ወደ ማኅፀን የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሐኪም የሳንባ ነቀርሳን ጠርጥሮ የደረት ራጅ ያዘዘላት ነፍሰ ጡር መነሣት ይገባታል። ሲቲ ስካን የሚባለው የሆድ ምርመራ ግን እስከ 10 ሚሊሲቨርት ሊደርስ ስለሚችል፥ ሐኪሙ በብርቱ ምክንያት ካላዘዘው በቀር የሚደረግ አይደለም።

መጠበቂያው መንገድ ሦስት ነው፤ ጊዜን ማሳጠር፥ መራቅና መከለል ናቸው። ይህን ለሐረር ሰው ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሐረር ሰው ከጅብ ጋር ብዙ ዘመን ኖሯል። ጅቡን አላጠፋውም፤ ሲመሽ ከግንብ ውጭ ሥጋ በእንጨት ጫፍ አድርጎ ያበላዋል፤ በግንቡ ሥር በተተዉትም ቀዳዳዎች ሌሊት እየገባ ጥራጊውን እንዲያጠራለት ይተወዋል። ነገር ግን ሰዓቱን ያውቃል፥ ርቀቱን ይጠብቃል፥ አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት የጁገል ግንብም አለለት። በራጅ ቤት የሚቆመው የእርሳስ ግድግዳ ለሠራተኛው እንደ ጁገል ነው። ግንብ ያለ በር ግን ከተማን ያስርባል፤ ጁገልም አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ጠቃሚው እንዲገባ፥ ጎጂው እንዲቀር በሩን የሚጠብቀው ሕግ ነው።

አገራችን በዚህ ነገር ወደ ኋላ አልቀረችም። ኢትዮጵያ የዓለም የአቶሚክ ኀይል ድርጅት ሲቆም ከመጀመሪያዎቹ አባሎች አንዷ ሆና በ1950 ዓ.ም. ገብታለች። ስለ ጨረር መከላከያ የመጀመሪያው አዋጅ ቁጥር 79 በ1986 ዓ.ም. ወጣ፤ ከዚያም አዋጅ ቁጥር 571 በ2000 ዓ.ም.፥ አዋጅ ቁጥር 1025 ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ተከተሉ። በእነዚህ ሕጎች ማንም ሰው ያለ ፈቃድ የጨረር መሣሪያ ሊይዝም ሊሠራበትም አይችልም። ነገር ግን አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ በመደርደሪያ ቢቀመጥ ብቻውን ሰውን አያድንም። በየሆስፒታሉ ያለ ሹም ፈቃዱን ሲመረምር፥ ሠራተኛውም የነፍሰ ጡሮችን ማስጠንቀቂያ በአማርኛ፥ በሐረሪና በኦሮምኛ በደጁ ላይ ሲጽፍ ያን ጊዜ ሕጉ ነፍስ ይዘራል።

ለቤተሰብ የምንመክረውም አጭር ነው። እናት ሆይ፥ እርጉዝ ብትሆኚ ወይም የወር አበባሽ የዘገየ ቢሆን፥ ሳትጠየቂም ቢሆን ለሐኪሙ አስቀድመሽ ንገሪ። አባት ሆይ፥ ራጁ ስለምን እንደሚያስፈልግ፥ በአልትራሳውንድ ሊተካ ይችል እንደ ሆነ በትሕትና ጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። የቀድሞውን ራጅ በቤት አስቀምጣችሁ ወደ ሐኪም ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ፤ ያለ ምክንያት ሁለተኛ መነሣት ይቀርላችኋልና። ሐኪሙ ምክንያቱን ገልጾ ያዘዘውን ግን ወሬ ሰምታችሁ አትተዉ።

ዶክቶር አሊስ ስቲዋርት ሥራቸውን የጀመሩት እናቶችን በመጠየቅ ነው። እኛም እናቶች ሲጠይቁ ባለ እውቀቱ ሳይሰለች በልኩ እንዲመልስላቸው፥ ባለ ሥልጣኑም መልሱን በሥራ ላይ እንዲያውለው እንመኛለን።